ማን ሸኘው

ልጆቹ መጽሐፉን መጠራጠር የጀመሩት ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነው።

መጽሐፉ «ሃምሳ ሦስት ቀን በሸለቆው» ይባላል። ስጦታው የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ የምሕንድስና ትምህርቱን አቋርጦ፣ አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዞ፣ ለማንም ሳይናገር ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ሃምሳ ሦስት ቀን ብቻውን ይጓዛል። በመጨረሻ ከስቶና ጠቁሮ ከደጀን በታች ድልድዩ ላይ ይወጣል። ታሪኩን በመንገድ ከያዘው ማስታወሻ ተነስቶ የጻፈው ራሱ ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው። ይህን ቃል በዚያ ሴሚስተር ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም።

እኔ ስርጉት እባላለሁ፤ ቢቸና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሠላሳውን ቅጂ ያገኘሁት አዲስ አበባ ላለ የንባብ ማኅበር አራት ደብዳቤ ጽፌ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቼ ከሰሌዳ የተገለበጠ ማስታወሻ ከመሸምደድ አልፈው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነቡ ፈልጌ ነበር። ርእሰ መምህሩ አቶ ሰማው ካርቶኑን ሲያዩ፣ «ፈተና ላይ ይመጣል?» አሉ።

«እኔ አመጣዋለሁ» አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስጦታው እናቱ ሳትነቃ ተነስቶ፣ የግቢውን በር ቀስ ብሎ ዘግቶ የሚወጣበት ክፍል ነው። አንብቤ ስጨርስ፣ «ጥያቄ?» አልኩ።

ፈንታነሽ እጇን አወጣች። ፈንታነሽ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ክፍሉ በሙሉ የሚያስበውን ወክላ የምትናገር ልጅ ናት።

«ማን ሸኘው?»

«ማንም። ብቻውን ነው የሄደው።»

«እሺ፣ ይሂድ። ግን እስከ መናኸሪያ እንኳ ማን ሸኘው?»

«ማንም አልሸኘውም እያልኩሽ ነው። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር እሱ ነው።»

ፈንታነሽ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ «ምስኪን» አለች። ከኋላ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ በድፍረቱ ይቀናሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እነሱ እንደ ሙት ልጅ አዘኑለት።

ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ኀዘኑ ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። ሰውየው በሃያኛው ቀንም ብቻውን ነው። በሠላሳኛውም ብቻውን ነው። ልጆቹ በየገጹ አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ግባ» እስኪለው ይጠብቃሉ፤ ማንም አይልም። ሰባተኛውን ምዕራፍ ዝለሉት አልኳቸው። ስጦታው አንድ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ሲውል የሚተርክ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ምንም አይፈጠርበትም፤ ጊዜም አልነበረንም። ወደ ስምንተኛው አለፍን። እዚያም ብቻውን ነው።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ፈተና ሰባተኛውን ጥያቄ ያስገባሁት ሁሉም አንድ ማርክ በነጻ እንዲያገኙ ብዬ ነበር። «ሃምሳ ሦስት ቀን በሸለቆው» ምን ዓይነት ድርሰት ነው? ሀ፣ ልብ ወለድ። ለ፣ እውነተኛ ታሪክ። ከሃምሳ ሁለት ተማሪ አርባ ሰባቱ «ሀ» አሉ። ተኮራርጀው ነው እንዳልል፣ ሌላው ጥያቄ ላይ የአንዱ መልስ ከአንዱ አይገናኝም።

ሁሉንም ኤክስ አደረግኩት። በማግሥቱ አርባ ሰባት ፊርማ ያለበት የቅሬታ ደብዳቤ አቶ ሰማው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ደብዳቤው ጥሩ ነበር፤ አንቀጽ አከፋፈሉ እኔ ያስተማርኩት ነው።

«እንግዲህ ስርጉት፣» አሉ አቶ ሰማው፣ «ልጆቹ ውሸት ነው የሚሉትን መጽሐፍ እውነት ነው ብዬ በግድ ላስፈትን አልችልም። በሁለተኛው ሴሚስተር ክፍሉ ከተቀበለው ይቀጥላል። ካልተቀበለው ካርቶኑን አስረሽ ትመልሻለሽ።»

ካርቶኑ ጥግ ላይ ነበር። አራቱ ደብዳቤዎች ትዝ አሉኝ። ክፍል ገብቼ ጠመኔውን ሳላነሳ፣ «ምኑ ነው ውሸቱ?» አልኳቸው።

ፈንታነሽ ተነሳች። «ቲቸር፣ እኔ ግንደወይን አክስቴ ዘንድ ስሄድ እንኳ ሦስት ቤት ሳልበላ አልደርስም። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ግማሽ መንገድ ይሸኘኛል። እሱ ሃምሳ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አይሸኘውም?»

«በረሃ ነው። ሰው የለም።»

«ሰው ከሌለማ ማን አየው? ማን ይመሰክርለታል?»

ክፍሉ አጉረመረመ። ግድግዳውን ተደግፎ የሚቀመጠው ቀለሙ ብቻ፣ «ሰው ብቻውን መሄድ ይችላል» አለ። ቀለሙ «ለ» ካሉት አምስቱ አንዱ ነው፤ በሴሚስተሩ ሙሉ ከተናገረው ይህ ረጅሙ ነበር።

«በበረሃ ይቅርና፣» አለች ፈንታነሽ፣ «ከዚህ ሞጣ ድረስ እንኳ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም።»

ትዕግሥት የለኝም። ይህን እናቴም በሕይወት ሳለች ትለኝ ነበር። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

የተወለድኩት ሞጣ ነው፤ አባቴ እዚያ ነው። የሴሚስተር እረፍት ደግሞ በዚያው ሳምንት ይጀምራል። ሕጉን ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ጠበቃ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በእግር ነው። ስልክ የለም። ስንቋን ራሷ ትይዛለች። አልጋ ተከራይታ ማደር ይፈቀድላታል። መንገደኛ ሰላም ቢላት ትመልሳለች፤ ከአምስት የመብራት ፖል በላይ አብሯት የሄደ ሰው ግን ሸኚ ነው። ብቻዋን ከደረሰች መጽሐፉ ይቀጥላል፣ ኤክሱም ይጸናል። ሸኚ ከተገኘ አርባ ሰባቱም ማርክ ያገኛሉ፣ መጽሐፉም ወደ መጣበት ይመለሳል።

«አለመዋሸትዎን በምን እናውቃለን?» አለ አንዱ።

«አልዋሽም።»

«ስጦታውም አልዋሽም ብሏል፤ መግቢያው ላይ» አለች ፈንታነሽ።

*

ዓርብ በጠዋት ወጣሁ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ውሃ፣ መጽሐፉ። ስልኬን አከራዬ ዘንድ ተውኩት። የየካቲት መንገድ ደረቅ ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ አልቆ ገለባው በየማሳው ተቆልሏል።

ያ ቀን ጥሩ ነበር። ያገኘኝ ሁሉ «ወዴት ነሽ?» ይላል።

«ሞጣ።»

«በእግር?»

«በእግር።»

«መኪና አጣሽ?»

«አላጣሁም።»

እዚህ ላይ ንግግሩ ይቆማል፤ ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት አራት ፖል አብራኝ ሄዳ ወደ ቤቷ ታጠፈች። እየቆጠርኩ ነበር። አራተኛው ላይ ስትታጠፍ ልስማት ምንም አልቀረኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብረ ወርቅ ደርሼ አልጋ ተከራየሁና በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። ሰው ሁሉ ጉዞን ለምን እንደሚያካብደው አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው እንደወጣሁ አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት መንገድ ዳር ቆመው ነበር። መኪና የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ሚኒባስ ግን ሲያልፍ ቀና ብለው አላዩትም።

«እንደምን አደሩ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ዓይናቸውን ከፊቴ አሸሹ። ወዴት እንደምሄድ አልጠየቁኝም።

ይህ ወዲያው ሊገባኝ ይገባ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ወዴት ነሽ የማይል ሰው የለም። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ አንድ ሰው ተገላገልኩ ብዬ አለፍኳቸው። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አንድ ፖል፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስተኛው ላይ ቆሜ ዞርኩ።

«ወዴት ነዎት፣ እናቴ?»

«እዚሁ ነኝ፣ ልጄ። እዚሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ብቻዬን መሄድ ነው የምፈልገው።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይገባኛል» አሉ። «አንቺ ሂጂ፣ የኔ ልጅ። እኔ ከኋላ ነኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንደሚባሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ፈጠን ብል ፈጠን ይላሉ፤ ባርፍ ትንሽ ራቅ ብለው ያርፋሉ። በሚቀጥለው መንደር ሁለት ሴቶች ወጥተው ከእሳቸው ጋር ተንሾካሾኩና ተቀላቀሉ። ቀጥሎ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጡ። እኩለ ቀን ላይ ከኋላዬ ዘጠኝ ሰው ነበር። ያቺ ፈንታነሽ፣ አልኩ በልቤ፤ ስልክ አስደውላ መንገዱን በሙሉ አሰልፋብኛለች። ሽማግሌው ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ።

«አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ነገሩ ውርርድ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ተወራርጄ ነው ብቻዬን ወደ ሞጣ የምሄደው። እባክዎ ይመለሱልኝ።»

አንገታቸውን ደፍተው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ውርርድ ብለዋታል» አሉ።

«ውይ!» አለች አንዷ። «ምን የማይሉት አለ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ተናድጄ ነበር፤ ስናደድ ሰው የሚለውን አልሰማም። መንገዱን በሩጫ ቀረሽ እርምጃ ጨርሼ ግንደወይን ስገባ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ኪራይ አልቀበልም አለኝ። ለምን ስለው «ሌላ ጊዜ» አለ። ፈንታነሽ የምታነሳት አክስቷ ስንቄ እዚያው መጣችና ሳትጋበዝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዝም ብላ ጉልበቴን ትዳብሰኛለች። ለብቻዬ ተዪኝ አልኳት። «እሱማ አይሆንም» አለች።

እሑድ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ አሥራ ስምንት ሰው ደጅ ቆሟል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ።

እዚህ አገር ሞት በመንገድ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሩቅ ያለ ዘመድ ሰበብ ተፈጥሮለት ይጠራል፤ ትንሽ አሟቸዋል፣ ሠርግ አለ፣ መሬት ልንካፈል ነው ይባላል። በመንገድ ላይ ያወቁት ሁሉ ሳይናገሩ አብረውት ይሄዳሉ፤ መርዶውን የሚሰማው ቤቱ ደርሶ፣ ሰው መሃል ሆኖ ነው። እኔም በልጅነቴ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ። የጎረቤታችንን ልጅ ከመናኸሪያ ስንቀበለው ቦርሳውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ዓይኑን እንዳላይ የቦርሳውን ዚፕ እያየሁ ነው የሄድኩት። ወለተ ኢየሱስ ከትናንት ጀምሮ እኔን የሚያዩኝ እንደዚያ ነበር።

አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው።

«አባቴ ነው?» አልኳቸው።

«አባትሽ ደህና ናቸው» አሉ ወለተ ኢየሱስ።

ደህና ባይሆን የሚሉት ይህንኑ ነው። ደህና ከሆነም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሌላ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ አሰብኩ፤ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለም።

«ስልክ ስጡኝ።»

የስንቄ ስልክ ባትሪ የለውም። የአንዱ ካርድ የለውም። አቶ ቢያድግልኝ «የኔን ቤት ረስቼው ነው የመጣሁት» አሉ፤ ይህን ሲሉ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠራ። እስኪያቆም ድረስ ሁላችንም ጸጥ ብለን ጠበቅን። ሲያቆም ስለ ጥሪው ማንም ምንም አላለም።

አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ለመጀመሪያው ሚኒባስ እጄን ዘረጋሁ። አንድ ባዶ ወንበር ነበረው። «ብቻዋን? አይሆንም!» አለ ሕዝቡ፤ ማን ይሂድ ማን ይቅር ሲባል ሚኒባሱ ሰልችቶት ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ ባዶ የለስላሳ ሳጥን የጫነ አይሱዙ ቆመ። አቶ ቢያድግልኝ ሾፌሩን ወደ ጥግ ወስደው አነጋገሩት። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሙዚቃውን ዘጋ፣ ሁላችንንም ጫነን።

«ሞጣ የት ላድርስሽ፣ እህቴ?»

«ልብስ ሰፊው ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት።»

ከኋላ «ኃይለ ጊዮርጊስ ነው ስማቸው» የሚል ሹክሹክታ ከሳጥን ሳጥን ተላለፈ። ስንቄ ስሙን ለራሷ ደጋግማ ስትለው ሰማኋት። ለቅሶ ላይ ግጥም የምትሰጥ እሷ ናት።

እየተጓዝን ሳለ ውርርዱ ትዝ አለኝ። መኪና ላይ ነኝ፣ ስልክ ለምኛለሁ፣ ከእኔ ጋር አሥራ ስምንት ሰው አለ። ሕጉን በሙሉ ጥሻለሁ። ምንም አልመሰለኝም። ጠርሙሶቹ ይንቃጨላሉ፤ እኔ ፖሎቹን ወደ ሞጣ እቆጥራለሁ።

*

ሰፈራችን ስንደርስ ስንቄ ገና ከመኪናው ሳትወርድ አስለቀሰች። ሴቶቹ ተቀበሏት። በዚህ ሰዓት እንዲህ መሆን አለበት፤ ቤቱ ሲታይ ነው ልቅሶው የሚጀመረው። በሮች ተከፈቱ። ጎረቤታችን ዑሙሰልማ የጨርቅ ሱቋን መዝጊያ ግማሽ አውርዳ እየሮጠች መጣች፤ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ነው የምታለቅሰው። የእሷ ልጅ ሂዳያ ተከተለች።

ከዚያ የእኛ በር ተከፈተና አባቴ ጋቢውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወጣ።

አባቴ ለማንም ይሁን ለማን ቶሎ ያለቅሳል፤ አሁንም እንባው እየወረደ ነበር። «ማንን ነው?» ይላል። «ኧረ ንገሩኝ፣ ማንን አጣን?»

ልቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለት ቀን የተራመደ እግር ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አቶ ቢያድግልኝ ወደ ፊት ወጡ። «አንቱ ማን ይባላሉ?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

«ልብስ ሰፊው?»

«ልብስ ሰፊው።»

አቶ ቢያድግልኝ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኛስ ለእርስዎ ነበር የመጣነው» አሉ።

አባቴ ሰዉን አየ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፤ መሬት ላይ ያለሁትን እኔን አየ። እንባውን በጋቢው ጠረገ።

«እንግዲያው ግቡ» አለ። «ፀሐይ ላይ አትቁሙ።»

ገቡ። ጎረቤት ልቅሶውን ሰምቶ እንደ ደንቡ ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራና ሽሮ ይዞ መጥቶ ስለነበር ምግብ አልጎደለም። ዑሙሰልማ አንድ ትሪ ዳቦ ላከችና ሱቋን ዘግታ ራሷም ተከተለች። «ኃይልዬ፣» አለችው አባቴን፣ «ከዛሬ ወዲያ ስትሞት አላምንህም።»

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማጣራት ተጀመረ። እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ሰው ነው የሰማው፤ ሁሉም ሲጠቋቆም ወለተ ኢየሱስ ላይ ቆመ።

«የወንድሜ ልጅ ደወለልኝ» አሉ። «ቢቸና ነው የሚማር፣ ቀለሙ ይባላል። ‹መምህራችን በእግሯ ወደ ሞጣ ትሄዳለች፤ በናንተ በኩል ስታልፍ ማንም ምንም እንዳይላት፤ ዝም ብላችሁ አሳልፏት› አለኝ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ። ምን ልበል?»

ሁሉም «እውነት ነው» አለ። አባቴም፣ «እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማስበው» አለ።

ቀለሙ። እንድረታለት ፈልጎ፣ መንገዱን ከሰው እንዲያጸዱልኝ ነበር የደወለው።

አባቴ ግን ሌላ ነገር ከንክኖታል። ስንቄ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠና፣ «ለእኔ ምን ብለሽ ልትገጥሚ ነበር?» አላት። አፈረች። ስሙን የሰማችው መኪናው ላይ መሆኑን፣ ያዘጋጀችውም ለማንም የሚሆን እንደነበር ነገረችው። አባቴ ትንሽ ከፋው። የምትጨምርበት እንዲኖር ብሎ ስንት ዓመት እንደሰፋ፣ ለነማን እንደሰፋ እየዘረዘረ አስጠናት። አይሱዙው በዘጠኝ ሰዓት ሊመልሳቸው ሲመጣ ገና ወደ ደንበኞቹ ስም ዝርዝር ግማሽ አልደረሰም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቢቸና ስመለስ አባቴና ዑሙሰልማ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። አትምጡ ብል የሚሰማኝ የለም። ሚኒባሱ እስኪሞላ በመስኮቱ በኩል ቆመው ስለ እኔ ተነጋገሩ። ከተማውን ስንለቅ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ በሦስት ቀን መንገድ አንዴም አልገለጥኩትም ነበር። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ተከፈተ። ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ አነበብኩት።

*

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲከፈት ክፍሉ ጢም ብሎ ጠበቀኝ። ሁሉን ነገር ያውቁታል፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አቶ ሰማውም ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ካርቶኑ ጠረጴዛዬ ሥር ነው፤ ገመድም አዘጋጅቻለሁ።

«ተሸንፌያለሁ» አልኩ። «ብቻዬን አልደረስኩም። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ‹ሀ› ላላችሁ ሁሉ ማርኩን ሰጥቻለሁ።»

ማንም አልጨፈረም። ቀለሙ ቆመ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቲቸር። እኔ ባልደውል ኖሮ ይደርሱ ነበር።»

«አይደርሱም» አለች ፈንታነሽ፤ ስትለው ክፋት አልነበረባትም። «አንተ ባትደውልም ሌላ ነገር ይፈጠር ነበር።»

«ልክ ናት» አልኩ። «ቁጭ በል። መጽሐፉን ከመመለሴ በፊት ዝለሉት ያልኳችሁን ምዕራፍ እናነባለን። ገጽ ዘጠና አራት።»

ስጦታው ከሦስት ጎጆ በላይ ካለ ተረተር ላይ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቷል። በታች ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። ቀኑን ሙሉ አይንቀሳቀስም። እስካሁን ያልነገረን ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ መንደር አቋርጦ አልፏል። ሁለቱንም ጊዜ አስገብተውታል፣ አብልተውታል፣ እምቢ ሲል ተቆጥተውታል፤ በማግሥቱ ሰው አስከትለው ወደ መኪና መንገድ መልሰውታል። እንደገና ለመውረድ አራት ቀን ፈጅቶበታል። አሁን ይደበቃል። «ካዩኝ ያስገቡኛል» ይላል። «ካስገቡኝ ያበሉኛል። ካበሉኝ ይሸኙኛል። ከሸኙኝ ጉዞዬ አበቃ።» ስለዚህ ሴቶቹ ውሃቸውን ቀድተው እስኪገቡ ድረስ ሆዱ እየጮኸ ይጠብቃል። ከታች የሽሮ ሽታ ይመጣበታል። አሥራ አንድ ገጽ እንዲህ ነው።

አንብቤ ጨረስኩ።

«ይህን ለምን ዝለሉ አሉን?» አለች ፈንታነሽ።

«ምንም የማይፈጠርበት መስሎኝ።»

«ቲቸር!» አለች፤ እንደ ሕፃን ልጅ ነው የተቆጣችኝ። «ከተደበቀማ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያውኑ ተደበቀ ቢሉን ኖሮ...»

«ውሻ አልነበራቸውም?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምን?»

«ሦስት ቤት ነው። ሦስት ቤት ሦስት ውሻ ነው። እንዴት አልሸተተውም?»

«ነፋሱ ወደ እሱ ነበር» አለ ቀለሙ። «የሽሮው ሽታ ወደ እሱ መጣ ይል የለ? ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው። ውሻ አይሸተውም።»

ስለ ነፋስ ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቁ። መጽሐፉን ገልጠው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ እየጠቀሱ። አንድም ልጅ ደወሉን አልሰማም። አቶ ሰማው ሲወጡ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና ገመዱን አዩት።

«ክፍሉ እንዲህ ከጮኸበት ተቀብሎታል» አሉ። «ይቆይ። ግን ፈተና ላይ ስለ ውሻው አምጪው።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «አርባ ሰው አስከትለሽ ሞጣ ገባሽ የሚባለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«አሥራ ስምንት ነው።»

«እኔ አርባ ነው የሰማሁት» ብለው ሄዱ።

ልጆቹ ሲወጡ ፈንታነሽ ወደ ኋላ ቀረች። የፈተና ወረቀቷን ይዛለች።

«የኔን ‹ለ› ያድርጉልኝ።»

«ማርኩን አግኝተሻል'ኮ። የሚጨምርልሽ ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ያድርጉልኝ።»

አደረግኩላት።

የቤት ሥራቸው እውነተኛ ታሪክ መጻፍ ነበር፤ ያዩትን ወይም ካየ ሰው የሰሙትን። ሃምሳ ሁለቱም የእኔን ጉዞ ጻፉ። በአንዱ ሁለት አይሱዙ ነው የተጓዝነው። በሌላው አባቴ የራሱን ንፍሮ ሲበላ አለቀሰ። አብዛኛው ግን ደህና ተጽፏል፤ የጠራውን ስልክ ማንም አልረሳውም። በፈንታነሽ ጽሑፍ ውስጥ ግንደወይን መግቢያ ላይ አንድ ጅብ ይከተለኛል፤ አክስቷ ስንቄ በከዘራ ታባርረዋለች። በቀይ እስክሪብቶ «ጅብ አልነበረም። ይህ ልብ ወለድ ነው» ብዬ መለስኩላት።

በማግሥቱ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሶ ነበር። ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ በጥንቃቄ በተጻፈ ሰማያዊ፣ እንዲህ ይላል፦

«አክስቴ አይታዋለች። እርስዎ ወደ ኋላ ስላልዞሩ ነው። ምስክር ከፈለጉ አሥራ ሰባት ሰው አለ።»